ውሃ ያልጠጡ ችግኞች

«ይቺም ሞታለች» አሉ ሥራውን የሚያስተባብሩት ሲስተር፣ ችግኟን በሁለት ጣታቸው ብድግ አድርገው።

ሚጢጢ ጎንበስ ብላ አየች። ቆስጣው፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቲማቲሙ፣ መደቡ ላይ የነበረው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ደርቋል። የሰፈሩ የአትክልት በጎ ፈቃደኞች ዛሬ የተሰበሰቡት ችግኞቹን ከመደቡ አንስተው ወደ ሰፊው ማሳ ሊያዛውሩ ነበር። ዝናቡ ሊገባ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ዝናብ ሲገባ ያልተተከለ ቦታ እንደሚነጠቅ ከነገራቸው ቆይቷል።

ሰው ሁሉ ዶማውን ተደግፎ ቆመ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚወቀስ ሰው አይጠፋም።

«ፍጉ ነው» አለ ልብስ ሰፊው። «ገና ሳይበስል ነው የተጨመረው፤ አቃጠላቸው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ጋሼ ፍሬን ዞረ። ጋሼ ፍሬን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። የሚቸኩል ሰው ባዩ ቁጥር «ፍሬን ያዝ!» ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው፤ እሳቸውም አልጠሉትም። ፍጉን በጋሪ እየገፉ ያመጡትም፣ እስኪበስል ሲያገላብጡት የከረሙትም እሳቸው ናቸው።

«በስሎ ነበር» አሉ። ወዲያው ግን ድምፃቸው ወረደ። «የበሰለ መስሎኝ ነበር። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።»

ጓንታቸውን አውልቀው ጋሪው ውስጥ ጣሉና ሄዱ። ያስቆማቸው የለም።

ሚጢጢ አፈሩን በጣቷ ጫር ጫር አደረገችው። እስከ ታች ድረስ እንደ ዱቄት ይቦናል። ቀና ስትል ጓደኛዋ ሳቂታ አፍጥጣ እያየቻት ነው።

በዚህ ሳምንት የማጠጣቱ ተራ የሚጢጢ ነበር። ጉንፋን ሲጥላት «አንቺ ተኚ፣ እኔ አለሁ» ያለችው ሳቂታ ናት። በየቀኑ «አጠጣሽ?» ስትላት «ጠግበው እያገሱ ነው ባክሽ» እያለች ታስቃት ነበር።

ሚጢጢ አጥሩ ጥግ ወስዳ አቆመቻት። «አላጠጣሽም አይደል?»

ሳቂታ ዛሬ አልሳቀችም። «የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው ያጠጣሁት።»

«ለምን?»

«አባዬ ከማዘጋጃ ቤት አምጥቶ ማታ ማታ የሚሠራውን ፕላን አየሁት። እዚህ ቦታ ላይ መኪና ማቆሚያ ነው የሚሠራው። ብንተክልም ባንተክልም፤ አልቋል፣ ተፈርሟል። በማግስቱ ማጠጫውን ሞልቼ እዚህ ጋ ቆምኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ለምን ብዬ ነው የማጠጣቸው?»

«ታዲያ ለምን አትነግሪንም?»

«አባዬ ይባረራላ! ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ ብሎኛል። አንቺም አትናገሪም፤ ሙች በይ።»

ሚጢጢ «ሙች» አላለችም። ግን አፏንም አልከፈተች። ብትናገርስ ምን ሊፈይድ? ችግኙ ከሞት አይነሳ፣ ቦታው አይመለስ። የሳቂታ አባት ግን እንጀራው ይቋረጣል። ሲስተር የዕቃ ቤቱን በር ቆልፈው «በሉ እንግዲህ፣ ማዘጋጃ ቤቱን ለምነን ለከርሞ» ሲሉ፣ ለከርሞ የሚባል ነገር እንደሌለ ከሁለቱ ልጆች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ተበተነ።

ወደ ቤቷ ስትሄድ በጋሼ ፍሬን በር በኩል አለፈች። ባለቤታቸው ደጃፉን እየጠረጉ ነበር።

«ደህና ዋሉ እማማ። ጋሼስ?»

«ምን ደህና አለ ልጄ» አሉ መጥረጊያውን አቁመው። «ከመጣ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ‹የሰው ልፋት ገደል ከተትኩ› ይላል። በዚህ ዕድሜው ምን ነገር ገባበት?»

ሚጢጢ ልትሰናበታቸው አስባ ነበር። እግሯ ግን ወደ ውስጥ ገባ።

ጋሼ ፍሬን አልጋቸው ጫፍ ላይ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ፍጉ አይደለም» አለች ቆማ። «አፈሩን አየሁት፣ ክው ብሎ ደርቋል። ውሃ ነው ያጡት።»

ቀና ብለው አዩዋት። ደስ ያላቸው አይመስሉም፤ የባሰ የደከሙ እንጂ።

«ተራው የማን ነበር?»

የሳቂታ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያንን ስም ከጠራች «ለምን» መምጣቱ አይቀርም፤ ከ«ለምን» ኋላ ደግሞ ፕላኑ አለ፣ አባቷ አለ።

«ተራው የኔ ነበር» አለች።

«ሰዉ ይቀየምሻል» አሉ ጋሼ ፍሬን። «ቦታው የሄደው በሷ ነው ይሉሻል።»

«አውቃለሁ።»

ሚጢጢ ወጣች፤ እማማን ሳትሰናበት። ያንኑ ለሲስተርም ልትነግራቸው ወደ ቤቷ የሚወስደውን መታጠፊያ አልፋ፣ ወደ ሲስተር ቤት የሚያወጣውን ዳገት ተያያዘችው።