ወደ ላይ የሚከፈተው በር

የሰቆጣው ደግሰው የአሮጌ መኪናው ደፍ ላይ በግንባሩ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱ ላይ የወደቀው በር የገዛ እጁ ሥራ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ሰቆጣ ውስጥ መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ በሩን ወደ ላይ ልክፈት ብሎ የተነሳው ግን እሱ ብቻ ነበር። «ዛሬ ደግሞ ምን ሊያበር ነው?» እያለ ሲያሾፍበት የከረመ ጎረቤት ሁሉ አሁን ነጠላውን አዘቅዝቆ ያለቅሳል።

ምርመራው ለኢንስፔክተር ይታየሽ ተሰጠ። ከጎንደር ተመድባ የመጣች፣ ጥቂት የምትናገር፣ ብዙ የምታይ ሴት ናት፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እውነት ነው። ስትደርስ ሬሳውን ወደ ቤት አስገብተውታል፤ በያጁ ቅጣው ደግሞ በካቴና ታስሮ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ያስያዘው የሟች ወንድም ኪዳኑ ነው።

«ትናንት ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ይኼ በር አንድ ቀን ይበላሃል!› ብሎታል። ድጋፉን ነቅሎ የገደለው እሱ ነው!» አለ ኪዳኑ።

«ብየዋለሁ» አለ ቅጣው። «ማጠፊያውን በየድኩለት። በሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የጋዝ ሾክ ግን ገና ከወልዲያ አልመጣም። ሳይመጣ ከሥሩ አትግባ አልኩት፤ እምቢ አለኝ፤ ተጣላን። አብሮ አደጌን እንዴት እገድላለሁ?»

«በሩን ማን አነሳው?» ስትል ጠየቀች ይታየሽ።

«እኔና እሱ፣ ጠዋት» አለ ኪዳኑ። «ለሁለት ተሸክመን እንኳ በስንት መከራ ነው ያነሳነው። እኔ በትከሻዬ ደግፌ ቆየሁት፣ እሱ ሮጦ ድጋፍ አመጣ። በሩ ጋርዶኝ ምን እንዳመጣ አላየሁም። ከዚያ ወደ ገበያ ወጣሁ።»

ይታየሽ ከመኪናው አጠገብ ቁጢጥ አለች። መሬቱ ላይ መዶሻና አዲስ ብሎኖች ተበትነዋል። አንድ የደረቀ የቃጫ አበባ ግንድ ለሁለት ተሰብሮ ወድቋል፤ ሲያዩት የሰው ክንድ ያክላል፣ ሲያነሱት ግን ውስጡ ቡሽ ነው። ከጎኑ መሬቱ ላይ ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ አለ፤ ቃጫውን ሞክራ አልገባላትም። የበሩ ጠርዝ ላይ ያልደረቀው ቀይ የአንቲረስት ቀለም አንድ ቦታ ጎበጥ ብሎ ተፍቋል።

የሟች ሚስት አስቻለች ጓዳ ነበረች። ባሏ ሲሞት ወፍጮ ቤት ነበረች፤ ዱቄቱ ገና ከእጇ አልረገፈም።

«በሩን ለምን ፈለገው? ለጌጥ ነው?»

«ኧረ ምን ጌጥ አለ እቴ! ከደጃፋችን እስከ መንገዱ ግራ ቀኙ ግንብ ነው፤ በሩ ወደ ጎን ሲከፈት ስንዝር አይሞላም። እዚሁ ከኛ ጋር የሚኖሩት አባቱ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸው በቁልቁለቱ ይሰቃያሉ። ‹ለሆሳዕና ከደጃፋቸው አንስቼ ቤተ ክርስቲያን አደርሳቸዋለሁ› አለኝ። እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል» ብላ እንባዋ ቀደማት።

አባቱ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ከጾመ ድጓ ዜማ ላይ ተጠርተው መጥተው የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳርፈዋል፤ በደከመ ዓይናቸው ማንንም አያዩም። ይታየሽ አየቻቸው። አገጫቸው ላይ ቀይ ቀለም ነበር። ዓይኗን ወደ መቋሚያው ጎባጣ ራስና ወደ ብረት ጫፉ ወሰደች።

ዝም ብትል ቅጣው ወህኒ ይወርዳል፤ ብትናገር ሽማግሌው በቁማቸው ይሞታሉ። ብዙ ካመነታች በኋላ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይኼን ቃጫ ያቆመው ደግሰው አይደለም» አለች። «ኪዳኑ በሩን ተሸክሟል፣ ቅጣው በይዶታል። ክብደቱን የሚያውቅ ሰው በቃጫ አይደግፈውም።»

«ሊገድለው ነዋ ያቆመው!» አለ ኪዳኑ።

«ሊገድል የመጣ ሰው ድጋፍ ይነቅላል እንጂ ሌላ አይተካም። ይኼ ሰው በሩ እንዳይወድቅ ያሰበ ሰው ነው። የመጀመሪያው ድጋፍ ጫፉ ብረት ስለነበር መሬቱን ወግቷል፤ የላይኛው ራሱ ጎባጣ ስለነበር ቀለሙን ፍቋል። ደግሰው ብሎን ሊያመጣ ወደ ቤት ሲገባ የድጋፉ ባለቤት መጣ። ዕቃውን ለአገልግሎት ፈልጎታል። መጀመሪያ ቃጫውን አቆመ፣ ከዚያ የራሱን ወሰደ። ደግሰው ሲመለስ እንጨት መቆሙን እንጂ የትኛው እንጨት እንደሆነ ልብ አላለም። መዶሻውን ሲያሳርፍ ቃጫው ተሰበረ። ወንጀለኛ የለም።»

ስም አልጠራችም። መሪጌታ የመቋሚያቸውን ራስ በመዳፋቸው ዳበሱና ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ቀይ ነበር።

«ወፍራሙን ነው የመረጥኩለት» አሉ። «ዓይኔ አላይ ቢለኝ በእጄ ዳብሼ፣ ወፍራሙን መረጥኩለት።»

ኪዳኑ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

«መቋሚያዬን ሲወስድ ምነው ሳይነግረኝ?»

«ቢነግርዎ በሩ ለማን እንደሆነ ይጠይቁት ነበር፣ አባባ» አለች አስቻለች።

«ለማን ነበር?»

«ለእርስዎ።»

ይታየሽ የቅጣውን ካቴና ፈታች። ሽማግሌው እያነከሱ ወደ መኪናው ሄዱ፤ ሊይዛቸው የደፈረ ሰው አልነበረም።

«ቅጣው፣ ልጄ፣ አንሳው።»

ቅጣውና ኪዳኑ በሩን ወደ ላይ ገፍተው ያዙት። መሪጌታ አልታጠፍ ያለውን ጉልበታቸውን እንደምንም አጥፈው ተንበርክከው ቀዳዳውን በጣታቸው ፈለጉ፤ የመቋሚያውን ጫፍ ከተቱበትና ጎባጣውን ራስ ከበሩ ጠርዝ ጋር አገናኙት።

«አሁን ልቀቁት» አሉ።

ለቀቁት። በሩ አልወደቀም።