ከቱቦው የወጣው ባዘቶ

ሐምሌ ከገባ ጀምሮ አስካለ ቀኗን የምትጀምረው በእናቷ አንሶላ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሲብስም አራት ጊዜ አንሶላ ይቀየርላቸዋል፤ በዚህ ዝናብ ደግሞ ገመድ ላይ የተሰጣ ጨርቅ ሳምንት ቢሰነብት ይሻግታል እንጂ አይደርቅም። ስለዚህ ገርጂ ያለውን ይህን አሮጌ የድንጋይ ቤት ስትከራይ ልቧን የወሰደው ሰፊው ሳሎን ሳይሆን፣ በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የቀድሞዋ ተከራይ ጥላው የሄደችው የልብስ ማድረቂያ ማሽን ነበር።

ማሽኑን ፈትሾ ያስነሳላት ሚልኪያስ የሚባል ኤሌክትሪሺያን ነው። ከመሄዱ በፊት አጠገቡ አቁሞ አስጠንቅቋታል፦ ማሽኑ በሠራ ቁጥር በሩ ሥር ያለውን ወንፊት አውጥታ የተጠራቀመውን የጨርቅ ብናኝ እንድትጠርግ፣ ትኩሱን አየር በግድግዳው አሳልፎ ወደ ጓሮ የሚያወጣውን ወፍራም ቱቦ በየሦስት ወሩ እንድታጸዳ፣ እየሠራ ትታውም ከቤት እንዳትወጣ። ብናኝ እሳት ካገኘ ከቤንዚን አይተናነስም ብሏታል። አስካለ ምክሩን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ነበር የያዘችው፤ ከዚያ ክፍል ግድግዳ ወዲያ፣ እሳት ቢነሳ ተነሥቶ መሮጥ የማይችል ሰው ተኝቷል።

መጀመሪያ ያስገረማት የብናኙ ቀለም ነው። የእናቷ አንሶላዎች ሁሉም ነጭ ናቸው፤ ከወንፊቱ ላይ በጣቷ እየገፈፈች የምታነሳው ስስ ምንጣፍ የመሰለ ብናኝ ግን አመድማ ሰማያዊ ነበር። ከአሮጌ ፎጣ የመጣ ነው ብላ አለፈችው። በሳምንቱ ውስጡ ረጃጅም ሽበት አገኘችበት። የእናቷ ፀጉር ለእንክብካቤ እንዲመች ተብሎ በአጭሩ የተቆረጠ መሆኑን እያወቀች፣ ሽበቱን ከእጇ አራግፋ እሱንም አለፈችው።

ከዚያ ማሽኑ መዘግየት ጀመረ። በአርባ ደቂቃ ይደርቅ የነበረው አንሶላ አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎም ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ሲወጣም እርጥብና ትኩስ ሆኖ፣ በሳሙናው ሽታ ሥር ሌላ ሽታ፣ ብዙ ቀን ተሸፋፍኖ የከረመ ሰው አንገት ዓይነት ሽታ ይዞ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ጓሮ ወጣችና የቱቦውን መውጫ አየችው። አየር ሲገፋው መነሣት ያለበት የቆርቆሮ ክዳን ፈጽሞ አይነቃነቅም። እጇን ብታስጠጋ ቀዝቃዛ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሸረሪት አድርቶበታል። ዝናብ እየመታት ቆማ፣ ያ ሁሉ ትኩስ አየር ወዴት ይሄዳል ብላ አሰበች።

ስትገባ እናቷ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው አገኘቻቸው። ምላሳቸው ከተሳሰረ ወዲህ ንግግራቸውን ከእሷ በቀር የሚለየው ሰው የለም፤ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠቻቸው።

«ሰው አለ» አሉ በግድ። «ይተነፍስብኛል።»

አስካለ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ድንጋዩ ሞቅ ብሎ ወዝቷል። እጇ እዚያው እንዳለ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ሸሸ፣ ቀስ ብሎም ተመለሰ፤ ደግሞ ሸሸ። ይኼኔ የማሽኑ ድምፅ ከቆመ ቆይቷል።

ለሚልኪያስ ደወለች። ቱቦው ግድግዳው ውስጥ ተደፍኖ ወይም ተሰብሮ ይሆናል፣ ሶኬቱን ነቅላ እንድትጠብቀው፣ አርብ እንደሚመጣ ነገራት። ነቀለችው። ግን ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ረቡዕ ከሰዓት ላይ ንጹሕ አንሶላ አለቀ፣ የእናቷም ጀርባ መቅላት ጀመረ። የጀርባ ቁስል በበሽተኛ ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ አባቷን የቀበረችው በእሱ ነው። ዘንጉ እየተቀጣጠለ የሚረዝም የቱቦ መጥረጊያ ብሩሽ ከሱቅ ገዝታ መጣችና ማሽኑን ከግድግዳው አራቀችው።

የግድግዳው ውፍረት ከአንድ ክንድ አይበልጥም። የመጀመሪያው ዘንግ አንድ ሜትር ነበር፤ ገባ። ሁለተኛውን ቀጠለችበት፣ እሱም ገባ። ቱቦው ውስጥ ውስጡን ወደ ጎን ታጥፎ ይሆናል እያለች ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን ቀጠለች። በስድስተኛው ብሩሹ ለስላሳ ነገር ነካ። ስትስበው መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ከዚያ ከወዲያ በኩል የያዘው እጅ የለቀቀው ይመስል ባንዴ መጣላት።

ወለሉ ላይ የተዘረገፈውን ብናኝ ጎንበስ ብላ አየችው። ነፋስ ያጠራቀመው ብናኝ የተበታተነ ነው የሚሆነው፤ ይህ ግን ለፈትል እንደተዘጋጀ ባዘቶ አንድ በአንድ ተጠቅልሎ፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ በረጃጅም ሽበት እየታሰረ የተጠቀጠቀ ነበር። ጥቅሎቹ በወዲህ ጫፋቸው ንጹሕ ናቸው። በወዲያኛው ጫፋቸው ርሰዋል፤ ተቧጥጠዋልም። አስካለ ጓንቷን እስከ ክንዷ ስባ፣ ዓይኗን ከጫፎቹ እየመለሰች፣ ሁሉንም ባልዲ ውስጥ ከተተችው። ቱቦውን ገጠመች፣ አንሶላውን ጨመረች፣ ማሽኑን አስነሳች።

በአርባኛው ደቂቃ ባልዲውን ይዛ ጓሮ ወጣች። ክዳኑ ሸረሪት ድሩን በጥሶ ተነሥቷል፣ ሞቃት አየር ዝናቡ ውስጥ እየጨሰ ይወጣል። እፎይ ብላ ስትስቅ የግቢው ዘበኛ ጋሽ ሹምዬ ካፖርታቸውን ደርበው መጡ፣ ባልዲውንም ሲያዩ ባሉበት ቆሙ። ማን እንዳወጣው ጠየቋት፤ እሷ መሆኗን ነገረቻቸው።

ሽማግሌው የቀድሞዋ ተከራይ ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ብናኙን እየጠቀለለች፣ የገዛ ፀጉሯን እየነጨች እያሰረችበት፣ በመጥረጊያ እንጨት ቱቦው ውስጥ ስትወትፍ ያዩዋት እንደነበር ነገሯት። ብርድ ፈርታ መስሏቸው ነበር።

«እመቤት፣ ይኼ እኮ ቤቱን ያቃጥለዋል አልኳት» አሉ። «እሳቱ ይሻለኛል አለችኝ።»

ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ቆመ። ክዳኑ ወረደና ጸጥ አለ። አስካለ ቀስ ብላ ወደ ቤት ተራመደች፣ ከበረንዳው ስትደርስ ግን ሳታስበው ትሮጥ ነበር።

የማድረቂያው በር ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። የእናቷ ክፍል ግድግዳ ቀዝቅዟል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም እግሮቻቸው ወለሉን ረግጠዋል፤ ትኩሱን አንሶላ ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ባልታዘዘላቸው ቀኝ እጃቸው ጫፉን ከጫፉ እያገናኙ ያጥፉታል። አስካለ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ፍርሃቷን ሁሉ እንባ ወሰደው፤ ያንን ቀኝ እጅ ይዛ ደጋግማ ሳመችው፣ ሳመችውና ሙቀቱ ከንፈሯን ለበለባት።

እናቷ አንሶላውን አጥፈው ጨርሰው ጎናቸው አስቀመጡት፤ ፀጉሯን ዳሰስ አደረጉላትና ጥርት ባለ፣ መንተባተብ በሌለበት ድምፅ፣ «ደግ ሴት ነሽ» አሉ፤ «ስምሽን ማን ልበል?»