የጫጩቶቹ ነጭ ነጥብ

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከጓሮው የዶሮ ቤት አጠገብ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሊቄ፣ ወንድሟ ቆርቆሮ እና ጎረቤታቸው እትዬ መርፌ። ሊቄ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ሁሉን ካላወቅሁ ስለምትል ቤተሰቡ ያወጣላት ስም ነው። ቆርቆሮ በአንድ ዓመት ይበልጣታል፤ ድምፁ መጎርነን ሲጀምር በየመሃሉ እየተሰነጠቀ ስላስቸገረው እንዲያ ተባለ። እትዬ መርፌ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሦስቱ ሌላ በካርቶን ውስጥ አሥራ አንድ ጫጩቶች ይንጫጫሉ።

«እንግዲህ የኔ ሊቅ፣ አደራሽን» አሉ እትዬ መርፌ ወደ ካርቶኑ ጎንበስ ብለው። «አከራዬን ታውቂያቸው የለ? ‹እንቁላል የምትጥል ከሆነች ትግባ፤ አንድ ቀን ኩኩሉ ከሰማሁ ግን ዶሮዎቹም አንቺም የስፌት መኪናሽም ከግቢዬ ትወጣላችሁ› ብለውኛል።»

«አይስጉ እትዬ» አለች ሊቄ። አንዷን ጫጩት አንስታ አናቷን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። «አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ወንድ ነው። ጥቁር ብቻ ከሆነች ሴት ናት። አምና ስምንት ለይቼ ስምንቱም ልክ ነበሩ።»

«በሁለት ቀናቸው! ሐኪም እንኳ እንዲህ አፉን ሞልቶ አይናገርም።»

«ዓይኗ ውስጥ አልትራሳውንድ ተገጥሞላታል» አለ ቆርቆሮ። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ድምፁ ተሰንጥቆ ወደ ላይ ወጣ።

«ይኸው፣ ወንዱ ከአሁኑ ጮኸ» አለች ሊቄ። እትዬ መርፌ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያም አናታቸው ጥቁር የሆኑ አራት ጫጩቶች በቅርጫት ይዘው ሄዱ።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። ሊቄ ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረች፣ ቡናማ እንቁላል የምትጥል ገብስማ ዶሮ ነበረቻት። ይህችን ከሰማያዊ እንቁላል ከተፈለፈለ ጥቁር አውራ ዶሮ ጋር አዳቀለቻት። ወንዶቹ ጫጩቶች ነጭ ነጥብ ይዘው ወጡ፤ ሴቶቹ ጥቁር። ሴቶቹ አድገው እንቁላል ሲጥሉ ደግሞ ቀለሙ አረንጓዴ ሆነ። ሊቄ የመጀመሪያውን እንቁላል ለሦስት ቀን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ስታየው ከረመች። ሰማያዊው የት ገባ? አውራ ዶሮ እንቁላል አይጥል፣ የምን ቀለም እንደያዘ በምን ይታወቃል?

ዘንድሮ ሰማያዊው ይመለስ እንደሆነ ለማየት ፈለገች። ስለዚህ ጥቁሩን አባት አግልላ፣ ገብስማ የሆነውን ልጁን ከእህቶቹ ጋር አንድ ላይ አስገባቻቸው። አሥራ አንዱ ጫጩቶች የመጡት ከእነዚህ ነው።

ከዚያ ፈተና መጣ። ሊቄ ጠዋት ጠዋት ጥሬ በትና ከመሮጥ በቀር ዶሮዎቹን አስተውላ ያየቻቸው በዘጠነኛው ሳምንት፣ የመጨረሻውን ፈተና ተፈትና ስትመለስ ነው። እቤት ከቀሩት ሰባቱ ነጥብ የነበራቸው አምስት ናቸው፤ አሁን ገብስማ ሆነዋል። ሁለቱ ጥቁር ናቸው። ከአምስቱ ገብስማዎች የሦስቱ የአናት ሥጋ አድጎ ደም መስሏል። የሁለቱ ግን ትንሽና ገርጣ ያለ ነው።

ሴቶች ናቸው። ነጥብ የነበራቸው ሴቶች!

ወደ ጥቁሮቹ ዞረች። አንዷ ቄብ ናት። ሌላው እግሩ ወፍራም፣ የአናቱ ሥጋ ቀይ። ጥቁር ሆኖ ወንድ! ደብተሯን አውጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስትጽፍ ስትሰርዝ ቆየች።

«ምን ሆነሻል?» አለ ቆርቆሮ።

«የእትዬ መርፌ ዶሮዎች ሴት ይሁኑ ወንድ አላውቅም። ምልክቱ ዘንድሮ አይሠራም።»

«ታዲያ ዝም በያ! ሲጮህ ይሰሙታል።»

«ሲጮህማ አከራዩም ይሰማሉ።»

«ሰፈሩ ሁሉ ሊቋ፣ ሊቋ እያለ ነው። ነገ ቀባጣሪዋ ሊልሽ ነው፤ እወቂው። ደግሞስ በምን ልትለውጪላቸው? ያሉሽ ቄቦች ሦስት ናቸው። የሰማያዊውን ነገር ማን ሊያሳይሽ ነው?»

ሊቄ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደች። ሦስቱን ቄቦች አንድ በአንድ አየች። ከእነሱ የትኛዋ ሰማያዊውን እንደደበቀች ከውጭ አይታወቅም። ሁለቱን ገብስማ ቄቦች በቅርጫት ከተተችና ወጣች።

እትዬ መርፌ ግቢ አከራዩ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ከፍተው ተቀምጠዋል። ሊቄ እጅ ነስታ አለፈች። ጓሮው ውስጥ አራቱ ጥቁር ዶሮዎች ይጭራሉ። ሁለቱ ደረታቸውን ነፍተው ይንጎማለላሉ፤ ነገሩ ግልጽ ነበር።

እትዬ መርፌ ከስፌት መኪናቸው ሳይነሱ፣ በከንፈራቸው መርፌ እንደያዙ፣ ሊቄ ስህተቷን ስትናገር ሰሟት። ስትጨርስ መርፌውን አውጥተው ጨርቁ ላይ ሰኩት።

«እኔ እኮ ያ ትልቁ አረማመዱ አላማረኝም ነበር» አሉ። «ሊቄ ናት የለየችው ብዬ ተውኩት።»

ሊቄ አንገቷን ደፋች። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«በይ አስረጂኝ። ነጥቡ ምን ሆኖ ነው የዋሸሽ?»

ጠረጴዛው ላይ የአዝራር ጣሳ ነበር። ሊቄ ነጭና ጥቁር አዝራሮች መረጠች።

«ወንድ ዶሮ ሁለት አዝራር አለው እንበል፤ ሴቷ ያላት አንድ ብቻ ነው። ነጭ አዝራር ያለው ነጥብ ያወጣል። ወንድ ልጅ ከእናቱም ከአባቱም አንድ አንድ ይወስዳል። ሴት ልጅ ግን ያቺን አንዷን የምታገኘው ከአባቷ ነው።» ነጯን አዝራር በጣቷ ገፋች። «አምና ነጩ ያለው እናትየዋ ጋ ነበር። ስለዚህ ወደ ወንዶቹ ብቻ ሄደ። ዘንድሮ ያለው አባትየው ጋ ነው። እሱ አንድ ነጭ አንድ ጥቁር ይዟል፤ ለሴትም ለወንድም የመጣለትን ይሰጣል።»

እትዬ መርፌ አዝራሮቹን ራሳቸው አገላበጧቸው። «ነጩ እጅ ሲለውጥ ምልክቱ ሥራውን ለቀቀ በይኛ!»

«አዎ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነው አፌን ሞልቼ የነገርኩዎት።»

ቅርጫቱን ከፈተች። እትዬ መርፌ አጎንብሰው አዩና ቀና አሉ።

«ገብስማ ናቸው እኮ! ነጥብ ያለው ወንድ ነው ስትይኝ አልነበር?»

«ነጥቡን ይተዉት፤ የአናታቸውን ሥጋ ይዩ። ከእነዚያ ጋር ያስተያዩት።»

ወደ ጓሮ ወጥተው አስተያዩት፤ ደግመውም አዩ። በመጨረሻ «እሺ» አሉ። «ምን ልስጥሽ ታዲያ?»

«ምንም። እንቁላል ሲጥሉ ቀለሙን ብቻ ይንገሩኝ። የትኛዋ እንደጣለችም።»

«ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ በምን ልለያቸው?» አሉና ትንሽ አሰቡ። ከጠረጴዛቸው መሳቢያ ቀይ ክር አውጥተው የአንዷ እግር ላይ ላላ አድርገው አሰሩላት። ጫፉን በጥርሳቸው በጠሱት። «ይኸው። ባለ ክር እና ባለ ባዶ።»

ሊቄ ሁለቱን ጥቁር አውራዎች በቅርጫቱ ይዛ፣ ክዳኑን በእጇ ተጭና፣ በበረንዳው በኩል ተመለሰች። አከራዩ ከሬዲዮው ቀና አላሉም።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትልቁ አውራ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ፤ የጮኸው እነሊቄ ጓሮ ነበር።