የሪሃም መቶ ሃያ መስመር

ሉጃይን ቁልፉን ደጋግማ ብትጫነውም ጥቁሩ ስክሪን ነገሬ አላላትም። ይህ የጽሑፍ ማረሚያ ማውዝ የሚባል አያውቅም፤ ሁሉ ነገሩ በቁልፍ ነው። ለመጻፍ አንድ ፊደል፣ መጻፉን ለማቆም ኤስኬፕ፤ ከኤስኬፕ በኋላ እያንዳንዱ ፊደል ትእዛዝ ነው። የኮምፒውተር መምህሯ ኡስታዝ ሙንዚር አራት ጊዜ አሳይቷት፣ አራቴም «ገባኝ» ብላ ነበር። አልገባትም።

ፋይሉ የጓደኛዋ የሪሃም ነው። ሁለቱ አብረው ለሚወዳደሩበት የፕሮግራም ውድድር መቶ ሃያ መስመር በአስራ አንድ ቀን ስትጽፍ የከረመችው እሷ ናት። ሌላ ቅጂ የለውም። ዛሬ አክስቷ ሞታባት ገጠር ለቅሶ ላይ ናት። ለሉጃይን የቀረላት የሁለታቸውን ስም በዐረብኛ ከላይ ጽፋ፣ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት መላክ ብቻ ነበር።

ስሙን ጻፈች፤ ኤስኬፕንም ተጫነች። ኪቦርዱን ከዐረብኛ መመለስ ግን ረሳች። እኛ ዘንድ ይህን ያልረሳ የለም፤ የዐረብኛውን ፊደል ማረሚያው እንደ ትእዛዝ አይቆጥረውም። ስክሪኑ እምቢ ያላት ለዚህ ነበር። ትዝ ሲላት ቋንቋውን ቀየረችና፣ ይሠራ እንደሆነ ልይ ብላ ዲ የሚለውን ቁልፍ ተጭና ያዘችው። አሮጌው ማሽን ቀጥ አለ። እሷም አለቀቀችም። ዲ ለካ መስመር የሚሰርዝ ትእዛዝ ነው፤ መስመሮቹ አንድም ሳይቀር ተከታትለው ጠፉ።

ክው አለች። መውጣት አለብኝ ብላ አሰበች፤ ከትምህርቱ በቃሏ የቀረው ደግሞ አንድ መውጫ ብቻ ነው፤ ሁለት ነጥብ፣ ደብሊው፣ ኪው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱንም ሳትስት ጻፈችው።

ኡስታዝ ሙንዚር መጥቶ ሲያይ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ደብሊው እኮ ማስቀመጥ ነው፣ ልጄ። ባዶውን አስቀምጠሽ ወጣሽ። ሳታስቀምጪ ብትወጪ ኖሮ ሁሉም በቦታው ነበር።»

«አሁን አይመለስም?»

«ከዘጋሽው በኋላ አይመለስም።»

ይህን እያሉ መብራት ሄደ። በከተማችን በሳይዳ መብራት በየቀኑ ስለሚሄድ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ጥቂት ቆይቶ ስልኳ ጠራ፤ ሪሃም ናት።

«ስሚ አንቺ፣ መብራት ሄዷል አሉኝ። ፋይሌን በላው እንዳትዪኝ ብቻ!» ከጀርባዋ የለቀስተኞች ድምፅ ይሰማል፤ እሷ ግን እየቀለደች ነው።

ውሸቱ ተሰናድቶ ቀረበላት። «አዎ፣ በላው» ብትል ማንም አይጠረጥራትም። ኡስታዝ ሙንዚር ጀርባውን ሰጥቶ ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

«ሉጃይን? አለሽ?»

«አለሁ። መብራቱ አይደለም። መብራቱ ሳይሄድ በፊት እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሪሃም «እሺ» ብላ ዘጋችው። ሉጃይን መልሳ ብትደውልላትም አላነሳችም።

«መብራቱ አስራ አንድ ሰዓት ሳይሆን አይመጣም» አላት ኡስታዝ ሙንዚር። «ቤትሽ ግቢ።»

«እጠብቃለሁ።»

መቶ ሃያ መስመር በአንድ ሰዓት ውስጥ ተጽፎ እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቃሉ። ሉጃይን ወንበሯን ወደ መስኮቱ ስባ ደብተሯን ገለጠች፤ ከሪሃም መስመሮች የምታስታውሰውን በእጇ መጻፍ ጀመረች። አራተኛው መስመር ላይ ቆመች። እርሳሱን ግን አላስቀመጠችም።