የእማማ ኮ ቃል

አሻንጉሊት ቀራጩ ሽማግሌ ጁዋንግ ከሰገነቱ ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የእንጨት ጉማጅ ከጎኑ ወድቋል። መርማሪ ዌንግ ባይሩ በማግስቱ ከፉጆው ስትደርስ ሬሳው ተነሥቶ፣ ተጠርጣሪዋም ታስራ ነበር።

«ነገሩኮ አልቋል፤» አላት ወጣቱ ፖሊስ ሶንግ። ሶንግ የሰሜን ሰው ነው፤ ጃንግጆው አጠገብ ወዳለችው ወደዚህች ከተማ ከተመደበ ገና አራት ወሩ። «የገደለችው ተማሪው ናት፤ ጊም የምትባል መበለት። ጎረቤቲቱ እማማ ኮ አይተዋታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

«እማማ ኮ የሚሉትን አንተ ትሰማለህ?»

«እኔ ከየት አውቄ! እሳቸውም ጊምም ካገሬው አፍ ሌላ አያውቁም። ያስተረጎመልን የሟቹ ልጅ ዌንካይ ነው። ቤጂንግ የተማረ ሰው ነው። በዕለቱ እኩለ ቀን ላይ ከአውቶቡስ ሲወርድ መርዶ ጠበቀው፤ ያም ሆኖ ከጎናችን አልተለየም።»

ዌንግ ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ተኩል።

እሷም ብትሆን ከሶንግ እምብዛም አትሻል። የፉጆውም የጃንግጆውም አፍ «ሚን» ይባላል፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ነገር ግን እህትማማቾቹ ከተለያዩ ዘመን የለውም፤ የፉጆው ሰው እዚህ ገበያ ቢወጣ ካሥር ቃል ሰባቱ ያመልጠዋል። ሦስቱን ግን ይይዛል።

ዌንካይ የሐዘን ጥቁር ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ ተቀበላት። «የፉጆው ሰው ነዎት አሉኝ። አይጨነቁ መርማሪ፣ እኔ አለሁ።»

እማማ ኮ ማድቤታቸው ውስጥ ስኳር ድንች እየላጡ ነበር። በቢላቸው ወደ መስኮቱ እያመለከቱ ብዙ አወሩ። ዌንካይ አንገቱን ደፍቶ ተረጎመ፦

«ጠዋት ገንፎ ሲያማስሉ፣ ጊም ደረጃውን ስትወጣ አዩ። አባቴ ሰገነቱ ላይ የነጭ ፊቱን ጄኔራል አሻንጉሊት ቅንድብ እየቀባ ነበር ይላሉ። ከዚያ ጭቅጭቅ፣ ከዚያ ዱብታ።»

«ደረጃውን የወጣው ማነው? ይድገሙልኝ።»

አሮጊቷ ቢላቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉና፣ ለደንቆሮ እንደሚነግር ሰው ጮክ ብለው አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። መጨረሻው ላይ «ክያን» የሚል ቃል ነበረ፤ ድምፃቸው ከላይ ጀምሮ ቁልቁል ወደቀ።

«ጊም ናት ይላሉ፤» አለ ዌንካይ።

ዌንግ ተነሥታ አሮጊቷ የቆሙበት ቦታ ቆመች። በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ደረጃና የግድግዳ ጥግ ብቻ ነው። የሰገነቱ በር እንኳ አይታይም።

ስትወጣ ሶንግን ወደ ጥግ ሳበችው። «ነጭ ፊቱን ጄኔራል የት አገኛችሁት?»

«ከሬሳው ደረት ሥር። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ማንም ሳይነካው ጠቅልዬ ጣቢያ ካዝና ውስጥ ቆለፍኩት።»

«ዌንካይ ከአውቶቡስ ከመውረዱ በፊት?»

«ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ። ምነው?»

«ጊምን አምጣት። ሁሉም ግቢው ውስጥ ይሰብሰብ።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጊም እጇ እንደታሰረ ከግቢው ግድግዳ ሥር ቆመች። ስታለቅስ አድራ ፊቷ አብጧል። አሮጊቷ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ዌንካይ ከጎናቸው ቆመ።

«ዛሬ አስተርጓሚ አያስፈልገንም፤» አለች ዌንግ።

ቀጥላ ምንም ሳትናገር ግቢውን ከዳር እዳር በዝግታ ተራመደች። ወደ እማማ ኮ ዞራ እግሯን እያሳየች በእጇ ጠየቀቻቸው፦ ይህ ምንድን ነው?

አሮጊቷ ግራ ተጋብተው ሳቁ። «ክያን!» አሉ። ድምፁ ከታች ተነሥቶ ሽቅብ ወጣ።

አሁን ዌንግ መጀመሪያ የሟቹን ፎቶግራፍ፣ ቀጥላ ዌንካይን አመለከተች። ይህ ለዚያ ምኑ ነው?

«ክያን፤» አሉ አሮጊቷ። ይህኛው ቁልቁል ወደቀ።

የሶንግ አፍ ተከፈተ። ቋንቋው ባይገባውም ጆሮ አለው።

«የመጀመሪያው መራመድ ነው፤ ሁለተኛው ልጅ፤» አለች ዌንግ። «በእኔም አገር ልጅ 'ክያንግ' ነው። አሁን እማማ ኮ፣ ደረጃውን የወጣው ማነው?» ደረጃውን አሳየቻቸው።

አሮጊቷ ሳቃቸው ጠፋ። ዌንካይን ዓይን ዓይኑን አይተው፣ ቃሉን ቁልቁል ጣሉት። «ክያን።»

«የአሮጊት ወሬ!» አለ ዌንካይ። «መርማሪ፣ በሁለት ቃል ሰው ይሰቀላል?»

«አይሰቀልም። ለዚህ ነው ማድቤታቸው ውስጥ የቆምኩት። ከዚያ ሰገነቱ አይታይም። አባትህ የትኛውን አሻንጉሊት፣ ምኑን ሲቀባ እንደነበር እሳቸው ሊያዩ አይችሉም። አሻንጉሊቱ ደግሞ አንተ ከአውቶቡስ ወረድኩ ካልክበት ሰዓት በፊት ካዝና ገብቷል። ታዲያ የቅንድቡን ነገር ማን ነገረህ? ከራስህ ጨምረህ ተረጎምክ ዌንካይ። ያን ጠዋት እዚያ ነበርክ።»

ጊም የሚባለው ባይገባትም ፊቶቹን ታነብ ነበር።

ዌንካይ ድንገት ወደ እርሷ ዞሮ ባገሩ አፍ ጮኸ። ጊም እንደተመታ ሰው ወደ ግድግዳው ተጠጋች፤ እማማ ኮ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ምን አለ?» አለ ሶንግ።

ዌንግ ራሷን ነቀነቀች። አልያዘችውም።

«ልተርጉምላችሁ፤» አለ ዌንካይ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «የአሻንጉሊት ቲያትር ቡድኑን ቤጂንግ ልውሰደው፣ በዋናው ቋንቋ እናጫውተው አልኩት አባቴን። 'አሻንጉሊቶቼ ያንተን አፍ አያውቁም' አለኝ። ቅንድቡን መቀባቱን እንኳ ሳያቋርጥ። የአሻንጉሊቶቹን ሳጥን ለእሷ ሰጥቻለሁ አለኝ። ይኸው ነው።» ሁለት እጁን ለሶንግ ዘረጋ።

ሶንግ ካቴናውን ከጊም እጅ ፈትቶ ዌንካይን አሰረበት። ከዚያ ጊም ፊት ቆሞ ተንተባተበ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«መርማሪ፣ በእነርሱ አፍ 'ይቅር በይኝ' እንዴት ነው የሚባለው?»

«እኔም አላውቀውም። እማማ ኮን ጠይቃቸው።»

ሶንግ ከበርጩማው አጠገብ በርከክ አለ።