ያልቆመው እንደራሴ

ባሕር ማዶ የተከፈተው ጦርነት አራተኛ ዓመቱን በያዘበት ወራት፣ ዝናብ ሲያካፋ በዋለ አንድ ማክሰኞ፣ የሕዝብ እንደራሴዎች ሸንጎ ከጦርነቱ የሚወጣበትን መንገድ ለመወሰን ተሰበሰበ፤ የአዳራሹ መስኮቶች በሰዉ ትንፋሽ ላብ አውጥተው፣ በረኞቹም እርጥብ ካፖርት ሲቀበሉ ክንዳቸው ዝሎ ነበር። ክርክሩ ሰንብቷል። አንዱ ወገን ጦሩ ባስቸኳይ ተጠቅልሎ ይግባ ይላል፤ ሌላው ወደቡን ብቻ ይዘን እንቆይ ይላል፤ የጦር ሚኒስትሩ ደግሞ በሕዝብ ጫጫታ የሚመራ ሸንጎ ሸንጎ አይባልም እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ፤ ከኋላ ወንበር አንዱ ተነሥቶ «ክቡር ሚኒስትር፣ የመረጠን እኮ ያው ጫጫታው ነው» ቢላቸው አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ። በቦታው ካሉት መካከል ባስቸኳይ ይውጣ የሚሉትና የለም የሚሉት እኩል ለእኩል መሆናቸውን ሁሉም ቆጥሮ ጨርሷል፤ ድምፅ እኩል ከሆነ ደግሞ ሐሳቡ ይወድቃል።

ከይውጣ ባዮቹ ወገን አንድ ሰው ብቻ ሳይቆጠር ቀርቶ ነበር። እሱ ድምፅ ለመስጠት ቢቆም ሐሳቡ በአንድ ድምፅ ያልፋል። ሰውየው ሸንጎ ከመግባቱ በፊት ሒሳብ ያስተምር ስለ ነበር እስከዚያ ዘመን ድረስ «መምህሩ» ይባላል፤ አንድ ልጁም ባሕር ማዶ በተከበበው ምሽግ ውስጥ ነበረ።

በሸንጎው ያልተጻፈ ልማድ ነበር፤ አንድ እንደራሴ ሲታመም ከተቃራኒው ወገን አንዱ እጁን ጨብጦ «እስክትመለስ እኔም ድምፅ አልሰጥም» ይለዋል፤ በሽታ ለማንም ወገን እንዳያደላ ነው። መምህሩ ይህን ቃል የሰጠው፣ የመውጫው ጉዳይ ገና ሳይነሣ፣ ለሚስቱ ታላቅ ወንድም ነበር። ያም ሰው የጦርነቱ ዋና ደጋፊ፣ በድምፁ ግርማ «መድፉ» የተባለ ሲሆን፣ ሳንባው ታሞ ያ ሁሉ ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል።

የወገኑ መሪ መምህሩን መተላለፊያው ላይ ያዘው።

«ልጅህ እዚያ እየተቆላ አንተ ስለ ጨዋነትህ ታስባለህ?»

«ዛሬ ቃሌን ካጠፍሁ ነገ የምንፈርመውን እርቅ ማን ያምነናል?» አለ መምህሩ። ይህን ይበል እንጂ ፈርቷል፤ ልጁን ይፈልጋል።

በዚያው ሰዓት ባለቤቱ ከወንድሟ አልጋ ራስጌ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ ቃሉን ፍታለት።»

«ብፈታለት ወገኔን ሸጥሁ ማለት ነው።»

«ልጄ የዘመተው እኮ አደባባይ ላይ ያንተን ንግግር ሰምቶ ነው። እኔ አይደለሁም የላክሁት፤ አባቱም አይደለም።»

መድፉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና «ተሸካሚ ጥሪልኝ» አላት።

«የት ልትሄድ?»

«ሸንጎ ነዋ። እኔ ከገባሁ የባልሽ ቃል ያበቃል። እሱም እንዳሻው ይሁን፤ እኔም የመጣልኝን አደርጋለሁ።»

ሴትዮዋ ክው አለች። ባሏ ቆሞ ወንድሟ ከተቃወመ ድምፁ መልሶ እኩል እንደሚሆን ለማወቅ የባሏ ሒሳብ አላስፈለጋትም። ቢሆንም ታላቋን እምቢ ብላ አታውቅምና እንባዋን እየጠረገች ተሸካሚ ጠራች።

ከእንደራሴ በቀር ማንም ወደ አዳራሹ ስለማይገባ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን በሩ ላይ አወረዱት፤ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ተነሥተው አነሡት፤ የእግርጌውን የያዘው መምህሩ ነበር።

«ምነው አማቼ፣ ክፉኛ ከስተሃል» አለ መድፉ።

«አንተ ነህ ይህን የምትል?»

ድምፅ የሚሰጠው በመቆም ነበር። አፈ ጉባኤው «ጦሩ ባስቸኳይ ይውጣ የምትሉ» ሲሉ መምህሩ ከወገኖቹ ጋር ቆመ፤ ተቆጥረው ተቀመጡ። «የምትቃወሙ» ሲሉ ሌላው ግማሽ ቆመ፤ ዓይን ሁሉ ቃሬዛው ላይ ዐረፈ። መድፉ እጆቹን ከብርድ ልብሱ ሥር እንዳደረገ ጣሪያውን ያያል።

«ክቡር እንደራሴ፣ ታመዋልና እጅዎን ቢያነሡ እንደ ቆሙ ይቆጠርልዎታል» አሉ አፈ ጉባኤው።

«ደንቡ ቁም ነው የሚለው፣ ክቡር አፈ ጉባኤ። ዕድሜ ልኬን ያከበርሁትን ደንብ በስተርጅና አልጥስም።»

«ከተቃዋሚዎቹ አይደሉም ማለት ነው?»

«እንደሚያዩኝ ተኝቻለሁ።»

የጦር ሚኒስትሩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሐሳቡ በአንድ ድምፅ አለፈ። መድፉን ሲያስወጡት ከገዛ ወገኑ ቃሬዛውን የነካ አልነበረም፤ መርከቦቹ ጦሩን ጭነው ሳይመለሱ ሲሞትም ከእነሱ ቀብሩ ላይ የቆመ አልታየም። የመምህሩ ልጅ አንድ ጆሮው ደንቁሮ በሕይወት ተመለሰ።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚያ ማክሰኞ ብዙ ጽፈዋል፤ የሚኒስትሩ ንግግር፣ የመውጫው ዕቅድ፣ የአደባባዩ ሰልፍ ሁሉ በየመጽሐፉ አለ። ሐሳቡ በአንድ ድምፅ ማለፉም ተጽፏል፤ ድምፁ የማን እንደ ነበረ ግን አልተጻፈም፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ከቆሙት መካከል «ያቺ አንድ ድምፅ የኔ ነበረች» ሳይል የሞተ ጥቂት ነው። መድፉ በሁሉም ዘንድ የጦርነቱ ደጋፊ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ይህም ሐሰት አይደለም።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ሻይ ቤት አንድ የቀድሞ እንደራሴ ያቺ ድምፅ የኔ ነበረች እያለ ሲተርክ፣ ከአባቱ ጋር ተቀምጦ የነበረው የመምህሩ ልጅ ሰማውና እጁን ጨብጦ ሊያመሰግነው ከወንበሩ ብድግ አለ። መምህሩ ክንዱን ይዞ መለሰው፤ በደህናው ጆሮው በኩልም ጠጋ ብሎ «ተቀመጥ ልጄ» አለው፤ «አንተን ያመጣህ የቆመ ሰው አይደለም።»