አባቴ ያላየው

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ ማይክ ይምጣ ያለው አባቴ ነው። ማይኩን ለአሥር ዓመት ሲያበራለትና ሲያጠፋለት የኖረው ልጅ ከተቀበረ ሁለት ቀኑ ነበር። አባቴ ግን ያለ ማይክ ማልቀስ እንኳ አይችልበትም።

የከተማችን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለ አብዮቱ ክርክር ይካሄድበታል። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር፣ በወጣትነቱ አብዮተኛ የነበረ ሰው ነው፤ የፊተኛው ወንበር የእሱ ነው። ዓይኑ ስለደከመ ማስታወሻውን የማነብለትና ቦርሳውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ከአዳራሹ ጀርባ፣ መስታወት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ድምፁን የሚቆጣጠረውን ልጅ ሁሉም «ሽቦ» ይሉታል። ቀጭን ነው፤ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ሽቦ አይጠፋም።

አንድ ቅዳሜ አባቴ፣ «የተሰበሰብንበትን ቤት ለወታደሮቹ የጠቆመው ከሃዲ…» ብሎ ስም ሊጠራ ሲል ማይኩ ጸጥ አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው የለም።

እየተንጨረጨርኩ ወደ ጠባቧ ክፍል ሄድኩ።

«አባቴን ለምን ዘጋኸው?»

«ባትሪ አልቆ ነው።»

«ማይኩ እኮ ሽቦ አለው!»

ቀና ብሎ አየኝ። ሳቁን ለማፈን ሲታገል አየሁት፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ሊጠራ የነበረው የአባቴን ስም ነው» አለኝ። «ወታደሮቹ ሲገድሉት የሦስት ወር ልጅ ነበርኩ። ያንቺ አባት ደግሞ በየቅዳሜው ይገድለዋል። ዛሬ ታከተኝ።»

ቆሜ ቀረሁ። ወንበሩን ገፋ አደረገልኝ፤ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጆሮ ማዳመጫውን ራሴ ላይ አጠለቀልኝ። «ቃሉን ተይው፤ ትንፋሹን ስሚ። ሰው ያላየውን ሊያወራ ሲል ከማይኩ ትንሽ ይርቃል።» እውነቱን ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲወነጃጀሉ፣ ወጣቶቹ የዛሬ ፓርቲያቸውን በትናንት ሰው ደም ሲያሻሽጡ፣ እኛ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ትንፋሽ እናዳምጥ ነበር። የቱ ሽቦ የት እንደሚሰካም ያሳየኝ ጀመር።

«ይሄን ባለፈው ሳምንት አሳይተኸኛል።»

«እንዳትረሺው ብዬ ነው።»

«እስቲ እጄን ልቀቀኝና ልሞክረው።»

«መልቀቁን ገና አልተማርኩም።»

ልንጋባ ነው ስንል ሁለቱም ቤት ነደደ። እናቱ «የዚያ ሰው ልጅ ደጄን አትረግጥም!» አሉ። አባቴ ጠረጴዛ ደበደበ።

«የከሃዲ ልጅ!»

«አባዬ፣ ሲጠቁም በዓይንህ አይተኸዋል?»

«ጓዶች ነገሩኝ።»

«የትኞቹ ጓዶች?»

«የሞቱት።»

«ጠቋሚያቸው ከሆነ ወታደሮቹ ለምን ገደሉት?»

መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። ንጹሕ ነበር።

«እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ማይክ ላይ፣ አላየሁም በል» አልኩት። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሦስት ሳምንት አላነጋገርኩትም። በመጨረሻ «እሺ፣ እላለሁ» አለኝ። የሽቦ እናትም ይህን ሲሰሙ፣ «ከአፉ ልስማውና ከዚያ ትግባ» አሉ። ሽቦ በደስታ ለሠርጉ ልብስ ሊለካ ቀጠሮ ያዘ። አጭር ቃል ነበር የምንጠብቀው። አንድ ቃል!

በአብዮቱ መታሰቢያ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። እናቱ ግድግዳው ጥግ፣ ከረጅሙ ድምፅ ማጉያ ሥር ተቀመጡ። አባቴ ማይኩን ሲይዝ የድሮ ጓዶቹ ከፊት ረድፍ አጨበጨቡለት። ያ ጭብጨባ ነው ያጠፋን። ጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ትንፋሹን ሰማሁት፤ ከማይኩ ትንሽ ራቀ።

«ያ ከሃዲ…» አለ።

እጄ ወደ ሽቦው ሄደ። ሽቦ እጄን ያዘኝ።

«ተይው። ስንት ጊዜ እዘጋዋለሁ? ይጨርስና አንድ ሰው ይጠይቀው።»

የጠየቁት እናቱ ናቸው። ብድግ ብለው፣ «አንተ ሰው፣ በዓይንህ አይተሃል?» አሉ። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። እሱ ዝም ሲል ሌላው ሁሉ ጮኸ። አንዱ ወገን «ከሃዲ!» ሲል ሌላው «ነፍሰ ገዳይ!» አለ፤ አብዮቱ ሲካሄድ ያልተወለዱ ልጆች ወንበር ይወራወሩ ጀመር። ግፊያው ወደ ጥጉ ሄደ። ድምፅ ማጉያው ሲወዛወዝ ሽቦ እጄን ለቆ ሮጠ። እናቱን ገፍቶ አስወጣቸው። ማጉያው ሲወድቅ እሱ ከሥሩ አልወጣም።

በማግሥቱ ሁለቱም ወገን «ሰማዕታችን» ብለው ወረቀት በተኑ። አንደኛው የለጠፈው የሌላ ሰው ፎቶ ነበር። ሰማዕታችሁ አይደለም! ሐሙስ ልብስ ሊለካ የተቀጠረ ሙሽራ ነው። ለእናንተ አልሞተም፤ ከእናንተ የተነሳ ነው የሞተው።

ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሜ ሳመነታ፣ ደጄን አትረግጥም ያሉት እናቱ እጄን ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ጣቶቻቸው ቀጭን ናቸው፤ የእሱ ጣቶች።

ከዚያ አባቴ መጣ። «ማይክ ይምጣ» አለ። የአዳራሹን ዕቃ አመጡለት፤ መሰካቱን የሚያውቅ ግን ጠፋ። ተነስቼ እኔ ሰካሁት፤ እጄ አልረሳውም።

አባቴ ወደ ማይኩ ተጠጋ። በጣም ተጠጋ።

«እኔ… አላየሁም» አለ።

ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት።

«ድገመው!» አልኩት።

«አላየሁም። ሲጠቁም አላየሁም።»

የሽቦ እናት ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከማይኩ ትንሽ ራቀ።

«ግን በዚያን ዘመን…»

ሽቦውን ነቀልኩት።